የጠፉት አራት ዜሮዎች

በዚያ ዘመን ልጅ ከመዋለ ሕፃናት የሚወጣው እናቱ በሩ ፊት ቆማ ስለ ልጇ ቁጥር በሩ የሚጠይቃትን በትክክል ስትመልስ ብቻ ነበር። የሶልያና ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሁለት ሺህ አንድ ነው። እናቷ አስካለ መጻፍ የተማረችው ገና በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ፣ እንደሰማችው 121 ብላ ጻፈችው፤ በልጅቷ ሹራብ ላይም ጠለፈችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሩ አላሳፈራትም። «ከኋላ ሲነበብስ?» ይላታል። «ያው ነው!» ትላለች። «ለሦስት ሲካፈል?» ይላታል። «አንድ ይተርፋል!» ስትል ይከፈታል።

አንድ ቀን ግን «ለሰባት ሲካፈል ስንት ይተርፋል?» አላት።

«ሁለት!»

በሩ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ! እናቷ መሆኔን ያውቁ የለም እንዴ?» አለችው ዘበኛውን።

«እኔማ አውቅሻለሁ፤ እሱ ነው የማያውቅሽ። አንድ ዕድል ቀርቶሻል። ከሳትሽ ልጅቷ እዚሁ ማደሯ ነው።»

ሶልያና በፍርግርጉ አጮልቃ ሳቀች። «እማዬ፣ እዚህ ሲጽፉኝ እኮ 1002001 ነኝ! አራቱን ዜሮዎቼን የት ጣልሻቸው?»

አስካለ ከጋሽ ሽብሩ ጠመኔ ተቀብላ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ እንደገና ጻፈች። አካፈለች፣ ቀነሰች፣ አወረደች።

«ምንም አይተርፍም!» ብላ ጮኸች።

በሩ ተከፈተ። ሶልያና እየሮጠች ስትወጣ እናቷ ልታቅፋት እጆቿን ዘረጋች።

«ነገ ለአሥራ ሰባት ቢልሽስ?» አለቻት ልጅቷ።

አስካለ የዘረጋቻቸውን እጆች ሰብስባ ወደ ግድግዳው ዞረች።