መስመሮቹን ያንቀጠቀጠው

ተመራማሪዋ ነጎድጓድን ስታየው ደሟ ይፈላል። ቅጽል ስሙን ያወጣችለትም እሷው ናት። የጎረቤት ክፍል መሐንዲስ ነው፤ ግዙፍ፣ ሲራመድ ወለሉን የሚያስጮህ። ደግሞ ከደጇ አይጠፋም። አንዴ መፍቻ፣ አንዴ ፕላስተር ይዋሳል፤ የሚዋሰው ሲያጣ ሰዓት ይጠይቃል።

ሥራዋ ደግሞ ጭራሽ ንዝረት አይወድም። አንድ የብርሃን ጨረር ለሁለት ትከፍላለች፤ አንዱ የምትመረምረው መስታወት ላይ ነጥሮ ሲመለስ ከሌላው ጋር ይደራረብና ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይደረደራሉ። ከመስመሮቹ አጣመም የመስታወቱን እብጠትና ስርጉድ ታነባለች። ጠረጴዛው ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ከተነቃነቀ ግን መስመሮቹ ይንቀጠቀጡና ልፋቷ ገደል ይገባል።

መስታወቱ ዛሬ ተለክቶ ካላለቀ ሥራው ለሌላ ቤተ ሙከራ ይሰጣል። የሁለት ዓመት ልፋቷ ነው። ልኬቱ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ነጎድጓድ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ አያውቅም።

ጠዋት ልኬቱን ገና ከመጀመሯ ከች አለ። ፊቱን ላለማየት ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። መስመሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጫማህን አውልቅ አለችው፤ አወለቀ። ያው ነው። ቁጭ በል አለችው፤ ምስኪኑ ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። ጭራሽ ባሰባቸው። በቃ ውጣልኝ ብላ አስወጣችውና ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። መስመሮቹም አደብ ገዙ።

ከዚህ ወዲያ ማስረጃ ይዛ ልትከሰው ቆረጠች። ተመልሶ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ መስመሮቹን በካሜራ እየቀዳች ነበር። ከቪዲዮው ላይ መስመሮቹ በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደተንሸራተቱ አሰላች። ግራፉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አንድ ትልቅ ዝላይ፣ ተከትሎት ትንሽ፤ እንደገና ትልቅ፣ እንደገና ትንሽ።

«ኮቴው ይኸውልዎት» አለቻቸው ለቤተ ሙከራው ኃላፊ። «እዚህ ፎቅ ላይ ድርሽ እንዳይል ይከልክሉልኝ።»

ኃላፊዋ ሸምገል ያሉ፣ ለፍርድ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ግራፉን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ሲቀዳ እየተራመደ ነበር?»

«ኧረ በሩ ጋ ቆሞ ነው።»

«እስቲ አስጠሪው፣ ልጄ።»

ነጎድጓድ መጣና በካልሲው በሩ ጋ ተገተረ። ተመራማሪዋ እንደ ልማዷ በአንድ እጇ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። መስመሮቹ መዝለል ጀመሩ።

«አላልኩዎትም?» አለች።

ኃላፊዋ የተመራማሪዋን ሌላኛውን እጅ አንጓው ላይ ያዙ፤ የደም ሥሯ ጣታቸው ሥር በመታ ቁጥር ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ዘለሉ።