የአንገቷ ጭረት

የፓሪሱ ዳኛ «መልኳ ተሥሎ ይቅርልንና ከዚያ አንገቷ ይቆረጥ» ስላለ፣ ሠዓሊው እስረኛዋን ሦስት ዓመት ሙሉ ሣላት። በዚያ ዘመን ሥዕል አለቀ የሚባለው እንደ እብነ በረድ ለስልሶ የብሩሽ ጭረት ሲጠፋበት ነው። በሥዕሉ ላይ ነጭ ቀሚሷም ጉንጯም ለስልሰዋል፤ አንገቷ ላይ ግን አንዲት እርጥብ ጭረት ሁልጊዜ ትቀራለች።

«ዛሬም አላለቀም?» ይላል ዘበኛው።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ይቺ ጭረት አልጠፋ አለችኝ!»

ሴትዮዋ ሳቋን ትውጣለች።

አንድ ቀን ሠዓሊው ብሩሹን አጥቦ ሲመለስ፣ ዘበኛው አውራ ጣቱን በሱሪው ሲጠርግ አገኘው።

«ስትለፋ አሳዘንከኝ። ሳይህ ሳይህ ተምሬ አጠፋሁልህ» አለና፣ የአንገት መቁረጫው ስለት እንዳይሰናከል የሴትዮዋን ጸጉር ከማጅራቷ ሊሸልት መቀሱን አነሣ።