የባዝራ ወተት ስልቻ

ኤርሜክ መኪናውን በተራራው አናት፣ ከፈረስ አርቢዎች ድንኳን አጠገብ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ አዳመጠ። በመንገዱ ሁሉ የተከተላቸው ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ አልተቋረጠም። ጠዋት የሞላው የራዲያተር ውሃ ቀትር ላይ ጎድሎ ነበር፤ ከመኪናው ሥር ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አላገኘም።

«ወተቱ ነው እንጂ፣» አሉ እናቱ፣ ጽንሱ ተጋድሞባት የምታምጠውን ምራታቸውን አይዛዳን በኋላ ወንበር ላይ እንደ ደገፉ። ለሆስፒታሉ አዋላጆች ስጦታ የያዙት የባዝራ ወተት በስልቻው ውስጥ እየተብላላ እግራቸው ሥር ተቀምጧል። «የፈላ ወተት ዝም ብሎ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ሚስትህ ታምጣለች፣ አንተ ብረት ታዳምጣለህ።»

«እማ፣ የሞተሩ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ከሆነ ውሃው ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ሆስፒታል ሳንደርስ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ይቆምብናል።»

«አንተ ደግሞ ካልክ አትመለስም። ይኸው፣ ይውጣልህ።»

በሩን ከፍተው ስልቻውን ከድንኳኑ ለወጣች አንዲት የአርቢ ሚስት ሰጧት፤ ሴትዮዋም ታቅፋው ወደ ድንኳኑ ገባች። ሦስቱም ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣሉ። አይዛዳ እንኳ ጥርሷን ነክሳ ማቃሰቷን ገታች።

ድምፁ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር።

እናቱ ባዶውን ወለል ጥቂት ተመለከቱና የምራታቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ልጄ፣» አሉ በዝግታ፣ «ሴትዮዋን ጥራት። ሆስፒታል ለመድረስ ከፈረሶቻቸው የትኛው ፈጣን እንደሆነ ጠይቃት።»