፮ እና ፯

እህቱ ያመጣችውን የአባታቸውን ጌም ቤት የአሮጌ ጌም ማሽን ቦርድ በማጉያ መነጽር ሲያየው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቺፕ ቦታ ተለዋውጠው አገኛቸው። በቺፖቹና በመሰኪያዎቻቸው ላይ ቁጥሮቹን የጻፈው ራሱ ነበር፤ ዶሮ የጫረው የሚመስለው ጽሑፉ ፮ንና ፯ን አይለይም። ማሽኑ የተበላሸ ቀን ቺፖቹን ነቅሎ ያጸዳውም፣ መልሶ የሰካውም እሱ ነው። እሷ ማብሪያውን ብቻ ነበር የተጫነችው። ስክሪኑ ተዥጎርጉሮ ሲቀር አባታቸው «ሁለተኛ እጅሽን እዚህ ዕቃ ላይ እንዳላይ!» ብሎ ሲያባርራት፣ እሱም አብሮ ጮኾባት ነበር።

አሁን ሁለቱን አቀያየረና አበራው። ድምፅ ማውጫው አልተገጠመም፤ የጌሙ ትንሿ መንኮራኩር በስክሪኑ ጥቁር ሰማይ ላይ ጸጥ ብላ ብቅ አለች። እህቱ ቦርዱን ማየት ከብዷት፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ተስፋ አለው?»

እጁ ሮጦ አጠፋው። ቺፖቹን ነቀለና እንደ ነበሩት፣ አሳስቶ ሰካቸው።

«የለውም። ያኔውኑ ተቃጥሏል።»

መጥታ ቦርዱን በሻርፗ ጠቀለለችው። «እጄን ይቁረጠው። አባባም እንደተቀየመኝ ሞተ። አንተ እንኳ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።