ወደ ጎን አዳራሹ የሚሄደው ገመድ

ከላንቴ መንደር የሚመጣው ምእመን ስለበዛ ቤተ ክርስቲያናችን የጎን አዳራሽ ከፈተች። ባለቤቴ ወርቂቱ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ የዋናውን አዳራሽ ካሜራ እዚያ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ነበር።

«ቀጭኑ ገመድ አይበቃም?» አለኝ አገልጋዩ ባርኮት።

«ለዚህ ርቀት ምስሉ ይደበዝዛል» ብዬ መሐሉ ንጹሕ መዳብ የሆነውን ወፍራሙን መረጥኩ። የገመዱን ጫፍ መሰኪያ፣ ኮኔክተሩንም፣ ከሚጠመዘዘው ይልቅ በፒንሳ የሚጨመቀውን ወሰድኩ፤ እሱ አይላቀቅም። አንዱን ጫፍ ገጥሜ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። ሌላውን እየጎተትኩ ወደ ካሜራው ስሄድ ባርኮት ከአዳራሹ ተጣራ።

«ጋሼ ገነነ፣ ምስሉ መጣ! የመዘምራኑ መድረክ ነው።»

ቆምኩ። ገና ያልተላጠው ጫፍ እጄ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው መድረክም ባዶ ነው።

«መድረኩ ላይ ማን አለ?»

«እትዬ ወርቂቱ።»

«ይደበዝዛል?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ… ጥርት ብለው ነው የሚታዩት።»