የፍራሹ ግራ በኩል

ስፖንጁን የበሬ አጥንት ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ ነክራ እቶን ውስጥ ትከተዋለች። ስፖንጁ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ይቀራል። ሸክላው እግሩ ውስጥ ቢተከል የልጇ አጥንት በየቀዳዳው ገብቶ ያድጋል፣ ዕጢ የበላው ጭኑ ይጠገናል ብላ ነው። ሸክላው ግን ዛሬም ተሰነጠቀ፤ ስፖንጁም አለቀ።

መቀስ ይዛ ልጇ አልጋ አጠገብ ተንበረከከች።

“ከፍራሽህ ትንሽ ልቁረጥ፣ የኔ ጌታ። ያሁኑ አይሰነጠቅም፤ እሳቱን ቀስ እያልኩ ነው የምጨምረው።”

“እማ፣ ሰሞኑን ግን እንቅልፍ ተኝተሻል?”

“እግርህ ጊዜ አይሰጠንም እኮ።”

ልጁ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገላት።

“በግራ በኩል ቁረጪ” አላት። “እግሬን ከቆረጡት ወዲህ ባዶውን ነው የሚያድረው።”