ስምንተኛው ሚዛን

«ተመልከቺ እትዬ፣ ሰባተኛውን ፖርት ልፍጠረው» አለች ታናሽየዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገች። ማሸጊያ አዳራሹ ውስጥ ሳሙና የተሸከመው ሰባተኛው ሚዛን ክብደቱን እዚህ ቢሮ ድረስ ቁልጭ አድርጎ ላከው። «አየሽ? አንድም ነገር አልሞላሁለትም። ሁሉንም አስቀድሜ ከሞላሁት ዲፎልት ወሰደው።»

ወይዘሮ ኪሎ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ፣ እጇን አጣጥፋ አየች። ይህን ስም ያወጡላት የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ሚዛን ሁሉ በእሷ እጅ ነዋ። የሚዛኑ ገመድ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሳጥኑ በኔትወርክ ይመጣና ኮምፒውተሩ ላይ በእጅ የማይዳሰስ ፖርት፣ የመረጃ መግቢያ በር፣ ይሆናል። የእያንዳንዱን ፖርት ፍጥነትና ሌላውን ጣጣ አንድ በአንድ የምትሞላው እሷ ነበረች። አንዱ ሚዛን ዝም ካለ «ወይዘሮ ኪሎን ጥሩልን!» ይባላል። እሷም ሲጠሯት ሆን ብላ ትንሽ ትዘገያለች። መፈለግን የመሰለ ነገር የት ይገኛል!

አሁን ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ላከ። ባለሙያ የተባለችውም ሰው የጠፋ ይመስል የገዛ እህቷ ሆና አረፈችው። ዲፎልቱ አንዴ ከተሞላ፣ ከዚያ በኋላ የሚፈጠር ፖርት ሁሉ ያንኑ ይዞ ነው የሚወለደው። ማንም መጥቶ ሊፈጥረው ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዛሬ አይቶ የሚዛኖቹን ኃላፊነት ለአንድ ሰው እሰጣለሁ ብሏል። ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ከልጅነታቸውም እንዲሁ ነበር። እናታቸው ታናሽየዋን «ዓይኔ» ትላታለች፤ ታላቅየዋን «አንቺ»። ዓይኔ ካስነጠሳት ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። «አንቺ» ሳምንት ሙሉ ብታስል «ውኃ ጠጪበት» ትባላለች። ይኸው አድገውም አልተላቀቁም፤ ዓይኔ ሥራዋ ድረስ መጣችባት።

የታናሽየዋ ስልክ ጠራ። «እማዬ ናት!» አለች ፊቷ በርቶ። «ስምንተኛው ይቆየን፣ መጣሁ» ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እማዬ! ለታላቅየዋ የምትደውለው ጋዝ ሲያልቅባት ብቻ ነው። ከኮሪደሩ የታናሽየዋ ሳቅ ተሰማ።

ወይዘሮ ኪሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ዲፎልቱን ከፈተች። ፍጥነቱ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ይላል። አራት ሺህ ስምንት መቶ አለችው፣ አስቀመጠችው፣ ገጹን ዘግታ ተነሳች። ሚዛኑ በአንድ ፍጥነት እየላከ ኮምፒውተሩ በሌላ ፍጥነት ካዳመጠው፣ የሚወጣው የእብድ ወሬ ነው። የተፈጠሩት ሰባቱ ምንም አይሆኑም፤ ዲፎልት የሚነካው ገና የሚፈጠረውን ነው። ስምንተኛው ግን በሥራ አስኪያጁ ፊት ይለፍልፍ። ይለፍልፍና ዓይኔም አንድ ቀን ትፈር!

ብዙም ሳይቆይ ታናሽየዋ ከሥራ አስኪያጁና ከሁለት የማሸጊያ ሠራተኞች ጋር ተመለሰች። «አንድ ቀርቶናል» አለች እያለከለከች። «እሱን ግን የምትፈጥረው እትዬ ናት።»

«እኔ?» አለች ወይዘሮ ኪሎ።

«አንቺ ነሻ! እኔ ነገ ሄጃለሁ። ሚዛኖቹን የምታውቃቸው እሷ ናት አለቃ፤ ኃላፊነቱም ለእሷ ይገባል። ለዋናው መሥሪያ ቤትም ያልኩት ይህንኑ ነው። እማዬ አሁን ስነግራት በደስታ አለቀሰች እኮ!» ክንዷን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት።

ወይዘሮ ኪሎ ዲፎልቱን ከፍታ እንዳታስተካክል አራት ሰው ከጀርባዋ ቆሟል። ሌላ መላ ጠፋት። ፖርቱን ፈጠረችው። ስክሪኑ በጥያቄ ምልክትና በማይነበብ ፊደል ተጥለቀለቀ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሳሙናው ነው የሚሳደበው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ታናሽየዋ በእህቷ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ ዲፎልቱን ከፈተችና ቀለሟ ተለወጠ። «አራት ሺህ ስምንት መቶ? ቅድም እኮ ሰባተኛው...» አለች።

ወይዘሮ ኪሎ አሁን ዞር ብላ ታየኛለች፣ አሁን ይገባታል ብላ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ታናሽየዋ። «ስልኩ ሲጠራ ተጣድፌ ነካክቼው መሆን አለበት። ይቅርታ አለቃ። ይቅርታ እትዬ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩሽ።» ሌላ ነገር ጭራሽ አልመጣላትም።

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ቋጠረ። «ዋናው መሥሪያ ቤት የሚልክልን ባለሙያ እንዲህ ነው? ወይዘሮ ኪሎ፣ ይስተካከላል?»

እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን «ይስተካከላል» ሆነ። እጇ የለመደ እጅ ነው፤ ዲፎልቱን መለሰው፣ የተበላሸውንም ፖርት ከፍቶ ፍጥነቱን አስተካከለው። የስምንተኛው ሚዛን ክብደት ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይኸዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ታላቅየዋ ትበልጣለች! ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።»

ታላቅየዋ ትበልጣለች። ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች። ከጀርባዋ ጭብጨባ ተነሳ። ዞር ብላ አየች። ሠራተኞቹ ገና እጃቸውን እያነሱ ነው። ታናሽየዋ ግን በኀፍረት የቀላውን ፊቷን ሳትደብቅ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ መዳፏ እስኪቃጠል ድረስ ታጨበጭባለች።